ማታ ወጥቶ በደኅና መመለስ፦ ባሕር ዳር ለሚገቡ አዲስ ተማሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመድባችሁ በፔዳ፣ በፖሊ ወይም ከከተማው ወጣ ብለው ካሉት ግቢዎች በአንዱ ዶርም የደረሳችሁ ተማሪዎች፣ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ማታ የምታሳልፉት ከተማውን ገና ሳታውቁት ነው። እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች በተማሪዎች ክሊኒክ በነርስነት ስሠራ አዲስ ገቢዎችና የዶርም ጓደኞቻቸው ደጋግመው የጠየቁኝ ናቸው። በእጄ ካለፉት ጉዳቶች የሚበዙት አንድም ወደ ግቢ በሚመለሱበት መንገድ ላይ፣ አንድም «ተዉት ይተኛ፣ ሲነጋ ይሻለዋል» ተብሎ ሰው ሳይጠራ ባለፈ ሰዓት የደረሱ ናቸው። ስለዚህ ከመዝናኛው ይልቅ ስለ አመላለሱና እርዳታ ስለ መጥራት በሰፊው ጽፌአለሁ።

ማታ ከግቢ መውጣት ይፈቀዳል? እስከ ስንት ሰዓት?

እያንዳንዱ ግቢ የራሱ የበር መዝጊያ ሰዓት አለው፤ ሰዓቱንም መጠየቅ ያለባችሁ የዶርማችሁን ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ)ና በር ላይ ያለውን ጥበቃ እንጂ አምና የተመረቀ ዘመዳችሁን አይደለም፣ ምክንያቱም ይለዋወጣል። በሩ ተዘግቶ ብትደርሱ ለጥበቃው ቀርባችሁ መታወቂያችሁን አሳይታችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ። አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤን ለመሸሽ ብሎ በጨለማ አጥር መዝለል ቁርጭምጭሚት ያሰብራል፤ በጨለማ የሚዘልን ሰው ጥበቃው ሌባ ነው ብሎ ቢያስብም አይፈረድበትም።

ከግቢው ደንብ በላይ ደግሞ የከተማው ሁኔታ አለ። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭት ከተነሣ ወዲህ በባሕር ዳር የሰውና የባጃጅ እንቅስቃሴ ሰዓት በተለያየ ጊዜ ተገድቧል፤ ገደቡ የላላበትም የጠበቀበትም ወቅት ነበር። ለመውጣት ባሰባችሁበት ቀን ከሰዓት በኋላ አዲስ ማስታወቂያ መኖር አለመኖሩን አጣሩ፣ ማጣሪያችሁም የከተማው አስተዳደር ወይም የዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ይሁን እንጂ በቴሌግራም የሚዘዋወር ወሬ አይሁን። የተማሪነት መታወቂያችሁን፣ ካላችሁም የቀበሌ ወይም የፋይዳ መታወቂያችሁን ሳትይዙ አትውጡ። በፍተሻ ቦታ ላይ እጃችሁን ከኪስ አውጥታችሁ የተጠየቃችሁትን በትሕትና መልሱ፤ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ማንሣት ፈጽሞ አይሞከርም። ሁኔታው ያጠራጠራችሁ ቀን አለመውጣት ትክክለኛ ውሳኔ ነው፣ የሌላ ቀን ቅዳሜ አይጠፋም።

ከወጣሁ በኋላ ተኩስ ብሰማ ወይም መንገድ ቢዘጋብኝስ?

ያላችሁበት ቤት ውስጥ ቆዩ። ከመስኮትና ከበር ርቃችሁ፣ ከተቻለ በግንብ ግድግዳ ተከልላችሁ፣ ወለሉ ላይ ዝቅ በሉ። ነገሩን ለማየት ወደ ደጅ መውጣትም ሆነ ግቢ ለመድረስ መሮጥ ከምርጫዎች ሁሉ የከፋው ነው። ያላችሁበትን ቦታ ለዶርም ጓደኛና ለቤተሰብ በአጭር የጽሑፍ መልእክት አሳውቁ፤ መስመር ሲጨናነቅ ጥሪ ባይገባም መልእክት ሊያልፍ ይችላል። መንገዱ ካልተከፈተ እዚያው አድራችሁ ሲነጋ ተመለሱ።

ዕድሜዬ ከ21 ዓመት በታች ነው፤ ሕጉ ስለ መጠጥ ምን ይላል?

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ይከለክላል። ብዙ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች 18 ወይም 19 ዓመት በመሆናቸው በሕጉ መሠረት ቢራም ሆነ አረቄ ሊሸጥላቸው አይገባም። ለስላሳ ወይም አምቦ ውኃ ይዞ መጨፈር፣ አዝማሪ ማዳመጥና ሳቅ መሳቅ ይቻላል፤ ይህን የሚያደርጉ ተማሪዎችም ብዙ ናቸው። የሚያሳስበኝ ሕጉ የተማሪውን አፍ ሲያዘጋው ነው። ጠጥቶ የታመመ ልጅ «ዕድሜዬ አልደረሰም፣ ይከሱኛል» ብሎ ከሐኪም መደበቅ የለበትም። ሐኪም ምን እንደጠጣችሁ የሚጠይቀው ትክክለኛውን ሕክምና ለመምረጥ ነው።

ከመውጣቴ በፊት ምን ላዘጋጅ?

በመጀመሪያ ብሉ። በባዶ ሆድ የተጠጣ አልኮል ወደ ደም የሚገባው በፍጥነት ነው፣ የግቢ ካፌ እራት ደግሞ በጊዜ ስለሚሰጥ ከምሽቱ 3 እና 4 ሰዓት ሆዳችሁ ባዶ ይሆናል። በጾም ወራት ቀኑን ሳትበሉ ውላችሁ ማታ ለመውጣት ካሰባችሁ ጉዳቱ የባሰ ነው።

ሁለተኛው የመመለሻ ገንዘብ ነው። ባሕር ዳር የአዝማሪ አገር ናት። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ወደ ጠረጴዛችሁ ይቀርብና ስማችሁን ጠይቆ፣ የመጣችሁበትን አገር ጨምሮ በግጥም ሲያወድሳችሁ፣ ቤቱ ሁሉ ወደ እናንተ ዞሮ ሲያጨበጭብ፣ እጃችሁ ሳይታወቃችሁ ኪሳችሁ ይገባል። ሽልማቱ የባለሙያው እንጀራ ስለሆነ በዚህ ደስ ይበላችሁ፤ ነገር ግን የባጃጁ ብር አብሮ ግንባር ላይ ከተለጠፈ በእኩለ ሌሊት በእግር ልትመለሱ ነው። የመመለሻውን ብር ከሌላው ለይታችሁ በስልክ ሽፋን ውስጥ ወይም በካልሲ አስቀምጡት። ቴሌብር አለኝ ማለት አይበቃም፣ ኔትወርክ ሊጠፋ፣ ባትሪም ሊያልቅ ይችላልና። በዚያው ምክንያት ሁለት ሦስት አስፈላጊ ስልክ ቁጥሮችን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ዛሬ የእናቱን እንጂ የሌላ ሰው ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ዶርም ለሚቀር አንድ ሰው የት እንደምትሄዱ፣ ከማን ጋር እንደሆናችሁና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሩት፤ ሰዓቱ ካለፈ እንዲደውል፣ ስልኩ ካልተነሣም ዝም እንዳይል ቃል አስገቡት። አብረው የወጡም አብረው እንደሚመለሱ፣ ከመካከላቸውም ቢያንስ አንድ ሰው አልኮል እንደማይቀምስ ገና ግቢ ሳሉ ይስማሙ። ሞቅ ካላቸው በኋላ የሚደረግ ስምምነት አይጸናም።

ማታ ባጃጅ ስይዝ ምን ልጠንቀቅ?

የሚታወቅ ሹፌር ማግኘትን የሚያህል ነገር የለም። ከእናንተ ቀድመው የገቡ ተማሪዎችን ብትጠይቁ ብዙዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመት የሚያውቁት የባጃጅ ሹፌር ስልክ አላቸው። ኮንትራት ስትይዙ ዋጋውንና የምትወርዱበትን ቦታ ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ፤ ታርጋውን አንብባችሁም ዶርም ላለው ሰው ላኩ፣ ስትልኩም ሹፌሩ እንዲያይ አድርጉ። ከሹፌሩ ጎን «ጓደኛዬ ነው፣ መንገድ ላይ ይወርዳል» የሚባል ሰው ከተቀመጠ አትሳፈሩ። ሹፌሩ የጠጣ ወይም በምርቃና የሚያሽከረክር ከመሰላችሁም እንዲሁ።

አባይን ተሻግራችሁ ወደ ዘንዘልማ ግቢ የምትመለሱ ከሆነ «እስከ በሩ» ብላችሁ ተነጋገሩ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው። «ድልድዩ ድረስ ነው የማደርሳችሁ» የሚል ሹፌር ድልድዩንም ከዚያ ማዶ ያለውንም ረጅም መንገድ በእግር እንድትጨርሱት እየነገራችሁ ነው። ወደ ይባብና ወደ ሰባታሚት ግቢዎች የምትመለሱም መንገዱ ከከተማው ብርሃን ስለሚርቅ እንደዚሁ ተጠንቀቁ።

በእግር መሄድ ግድ ከሆነ ሰው በሚበዛበትና መብራት ባለው ዋና መንገድ በቡድን ሂዱ። መብራት በጠፋ ማታ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ቦይ አይታይም፤ የስልካችሁን ብርሃን ወደ እግራችሁ አብሩ። ስልኩን እያዩና ሙዚቃ በጆሮ እያዳመጡ መሄድ ግን ለነጣቂ መመቻቸት ነው።

ሲኒየሮች ሲጋብዙኝ እምቢ ማለት ይከብደኛል። ምን ልበል?

ይህ ጥያቄ ከመጠጡ ይልቅ ስለ ይሉኝታ ነው። «በሞቴ አንዷን ብቻ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ንቀኸን ነው?» የሚሉ ቃላት ከልጅነታችን ጀምሮ ምግብ ሲያጎርሱን የሰማናቸው የፍቅር ቃላት ስለሆኑ፣ በመጠጥ ላይ ሲመጡብን የምንመልሰው ይጠፋናል። ለዚህ የምመክረው አጭር መልስ «አልጠጣም፣ አመሰግናለሁ» ማለትን ነው። ምክንያት መደርደር ለክርክር በር ይከፍታል፤ «ለምን?» ሲሏችሁ ያንኑ ቃል በፈገግታ ድገሙት። እጃችሁ ላይ የተከፈተ አምቦ ውኃ ወይም ለስላሳ ካለ ግብዣው ራሱ ይቀንሳል። ሦስት ጊዜ እምቢ ብላችሁ አሁንም የሚያስገድድ ሰው ካለ ከዚያ ጠረጴዛ ተነሡ፣ ብቻችሁንም ሳይሆን አብራችሁ ከመጣችሁት ጋር ሆናችሁ።

በአዲስ ገቢ አቀባበልም ሆነ በተመራቂዎች ዝግጅት ላይ በውድድር መልክ የሚቀርብ መጠጥ፣ ማለትም «በአንድ ትንፋሽ ጨርስ» የሚባለው፣ ከማውቃቸው የመጠጥ ዓይነቶች ሁሉ አደገኛው ነው። ሰውነት ገና የመጀመሪያውን ሳይቆጥር አምስተኛው ይገባል።

ምን ያህል ነው የሚበዛው? ጠላና ጠጅስ ከቢራ ይቀልላሉ?

ጉበት በአማካይ አንድ ጠርሙስ ቢራ ለማስወገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስድበታል፤ ይህን ጊዜ ቡናም፣ ቀዝቃዛ ውኃም፣ ማስመለስም አያሳጥሩትም። ክብደታቸው አነስተኛ የሆነ ሰዎች፣ ሴቶችና ከዚህ በፊት ጠጥተው የማያውቁ በትንሹ ይሰክራሉ። የጠላና የጠጅ ችግር ልካቸው አለመታወቁ ነው። ቢራ ጠርሙሱ ላይ መቶኛው ተጽፏል፤ ጠጅ ግን ከቤት ቤት፣ ከጋን ጋን ይለያያል፣ ማሩም ኃይሉን ይሸፍነዋል። በብርሌ ሦስቴ ተቀድቶላችሁ ተቀምጣችሁ ምንም ሳይሰማችሁ ስትነሡ ጉልበት የሚከዳው ለዚህ ነው። አረቄ ከእነዚህ ሁሉ እጅግ የጠነከረ ስለሆነ በመለኪያ እንጂ በብርጭቆ አይታሰብም።

በርካሽ የሚሸጥ፣ ምንነቱና ምንጩ የማይታወቅ ጠንካራ መጠጥ ሜታኖል የተባለ መርዝ ሊኖርበት ይችላል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው በማግስቱ ነው፦ ራስ ምታት፣ ሆድ ቁርጠትና ትውከት፣ ከዚያም በጉም ውስጥ እንደሚያዩ ያህል የዓይን መፍዘዝ። ስካር ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ ዓይንንም ሕይወትንም የሚያድነው ሳይዘገይ ሆስፒታል መድረስ ነው።

የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ደግሞ ፋርማሲውን ጠይቁ። ለአሜባና ለጃርዲያ የሚታዘዙት ሜትሮኒዳዞልና ቲኒዳዞል ከአልኮል ጋር ኃይለኛ ትውከትና የልብ ምት መፍጠን ሊያስከትሉ ስለሚችሉ፣ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ለሦስት ቀን ያህል ከአልኮል መራቅ ይመከራል።

ቀን ጫት ቅሜ ማታ ለጨብሲ ብወጣስ?

ምርቃናው የስካሩን ስሜት ስለሚሸፍነው፣ ያልሰከረ የሚመስለው ሰው በደሙ ያለው አልኮል ግን ከልክ ያለፈ ይሆናል። ልብም ሲጣደፍ ያድራል፣ እንቅልፍም ይጠፋል። ሁለቱን አለማገናኘት ነው።

መጠጤ ውስጥ ሌላ ነገር ቢጨመርብኝ በምን አውቃለሁ?

አገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ «ከማታውቁት ሰው ብስኩት አትቀበሉ» ተብላችሁ የመጣችሁ ልጆች፣ ያንኑ ምክር በብርጭቆ ላይ አውሉት። ጠርሙሱ እናንተ ፊት ይከፈት፤ ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄዱ መጠጡን ለጓደኛችሁ አስይዙ፣ ካልሆነም የተተወውን አትመለሱበት። በጠጣችሁት ልክ የማይጠበቅ ድንገተኛ መፍዘዝ፣ የምላስ መተሳሰርና ነገር አለማስታወስ ከተሰማችሁ ወዲያው አብሯችሁ ለመጣ ሰው ንገሩት፤ ወደ ሐኪምም አብራችሁ ሂዱ። «አየር ላስቀብልሽ፣ ከኔ ጋር እንውጣ» ከሚል አዲስ ትውውቅ ጋር አትውጡ። ጓደኛችሁ እንደዚያ ፈዛ አንድ ሰው ሊወስዳት ሲነሣ ብታዩ፣ «ይዋደዱ ይሆናል» ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ቀርባችሁ በስሟ ጠርታችሁ «እኛ ነን የምንወስዳት» በሉ።

ጓደኛዬ ጠጥቶ ራሱን ቢስት ምን ላድርግ?

እባካችሁ ይህን መልስ ሁለት ጊዜ አንብቡት። የሰከረ ሰው ሁሉ አይሞትም፤ የሚሞተው ግን ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ተኝቶ፣ የራሱ ትውከት አንቆት ወይም ትንፋሹ ቀስ በቀስ ቀንሶ ነው። የመጨረሻው መጠጥ ከተጠጣ በኋላም በሆድ ያለው አልኮል ወደ ደም መግባቱን ስለሚቀጥል፣ ዶርም ሲደርስ እየተንገዳገደ ይራመድ የነበረ ልጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ የማይነቃ ሊሆን ይችላል።

ጮክ ብላችሁ በስሙ ጥሩት፣ ትከሻውን ቆንጥጡት። ካልመለሰ፣ ትንፋሹ በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች ከሆነ ወይም በሁለት ትንፋሽ መካከል 10 ሰከንድ ያህል ከቆየ፣ ገላው ከቀዘቀዘ፣ ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ከጠቆረ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ሳይነቃ ካስመለሰ፣ ይህ እንቅልፍ አይደለም፤ ሆስፒታል ነው የሚያስፈልገው። መኪና እስኪመጣ በጎኑ አስተኙት፦ የላይኛው ጉልበት ወደ ፊት ታጥፎ ደጋፊ ይሁነው፣ የላይኛው እጁ ከጉንጩ በታች ይግባ፣ አፉ ወደ መሬት ያዘንብል ትውከቱ ወደ ውጭ እንዲፈስ። በጀርባው ፈጽሞ አታስተኙት፣ ብቻውንም አትተዉት። ጃኬት ወይም ብርድ ልብስ ደርቡለት።

ጨው ያለበት ቡና፣ ሎሚ፣ ወተት፣ ውኃ በግድ መጋት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጣት ከቶ ማስመለስም እንዲሁ። ቀዝቃዛ ሻወር ሥር ማስገባት ሰውነቱን ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል፣ ወድቆም ራሱን ሊመታ ይችላል። በሥራዬ ያየሁት አንድ ሌሊት አለ፤ አራት የዶርም ጓደኛሞች አንዱን ልጅ በጎኑ አስተኝተው፣ ተራ ተራ እየተፈራረቁ ትንፋሹን እየቆጠሩ፣ ስንት ሰዓት ላይ ስንት እንደቆጠሩ በደብተር ጽፈው ይዘውት መጡ። ያ የተቀደደ የደብተር ገጽ ለሐኪሙ ብዙ ነገር ነገረው፤ ልጁም ድኗል።

ማንን ልጥራ? ዩኒቨርሲቲው ይቀጣናል ብዬ ብፈራስ?

ግቢ ውስጥ ከሆናችሁ ፕሮክተሩን ወይም ጥበቃውን ቀስቅሱ፣ የግቢው ክሊኒክና አምቡላንስ በእነሱ በኩል ፈጥኖ ይገኛል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991 ይጠራል፤ አምቡላንስ ከዘገየ በባጃጅም ቢሆን ውሰዱት። በከተማው ውስጥ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል፣ በሰባታሚት በኩል ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አሉ፤ ወደ ቀረባችሁ ሂዱ። ምን እንደጠጣ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ጫት ወይም ክኒን ወስዶ እንደሆነ እውነቱን ተናገሩ።

ስለ ቅጣቱ የምላችሁ፣ የዲሲፕሊን ጉዳይ ነገም ከነገ ወዲያም ይታያል፤ ይግባኝም ይቅርታም አለው። ትንፋሹ ለቆመ ልጅ ግን የሚታይ ጉዳይ የለም። «ስሙ ይጠፋል»፣ «ቤተሰቡ ቢሰማስ» የሚለው ኀፍረት ጓደኝነት መስሎ ይታያል፣ እኔ ግን እንደዚያ አላየውም፤ ልጆቹን የሚጎዳብን እሱ ነው።

ያለ ፈቃዴ ወሲባዊ ጥቃት ቢፈጸምብኝስ?

አስቀድሞ ይህ ይነገራችሁ፦ ምን ብትለብሱ፣ ምን ብትጠጡ፣ በስንት ሰዓት ብትወጡ፣ ጥፋቱ የፈጸመው ሰው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲደነግግ በኃይል የተፈጸመውን ብቻ ሳይሆን፣ ሴትን ራሷን እንድትስት ወይም መከላከል እንዳትችል አድርጎ የተፈጸመውንም ይጨምራል። ስለዚህ «ሰክራ ነበር» የሚለው ለአጥፊው መከላከያ አይሆንም።

በተቻለ ፍጥነት ወደ ሆስፒታል ሂዱ፣ የምታምኑት ሰውም ይዛችሁ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ሊጀመር የሚችለው ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥርም ይበልጥ ይከላከላል፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እንዲሁ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተሻለ ይሠራል። ለሌሎች የአባላዘር በሽታዎችና ለጉበት ቫይረስ የሚሰጥ ሕክምናና ክትባት አለ። ምንም እንኳ ገላን መታጠብ የመጀመሪያው ፍላጎት ቢሆን፣ ከምርመራው በፊት ባትታጠቡ፣ የለበሳችሁትንም ሳታጥቡ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ብትይዙት ለማስረጃ ይጠቅማል። ታጥባችሁ ከሆነም ከመሄድ አትቅሩ፤ ሕክምናው አሁንም ይጠቅማችኋል፣ ማስረጃም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ለፖሊስ ማመልከቱን ከሕክምናው በኋላ ተረጋግታችሁ ልትወስኑበት ትችላላችሁ።

ጥቃት የደረሰበት ወንድ ከሆነም ሕክምናው አይለይም፤ ወንዶች ይበልጥ ስለሚደብቁት ይበልጥ ዘግይተው ይመጣሉ። ጓደኛዋ የሆናችሁም «ለምን ሄድሽ?» የሚለውን ጥያቄ ዋጡት፣ «አብሬሽ ነኝ፣ አሁን ሆስፒታል እንሂድ» በሉ።

ከጭፈራ በኋላ ሐይቅ ዳር ሄዶ መቀመጥ ምን ችግር አለው?

የጣና ዳር ቀን ሲሆን የባሕር ዳር ደስታ ነው፤ ማታ ግን ሌላ ቦታ ነው። አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፣ ጉማሬም ሣር ለመጋጥ ከውኃ የሚወጣው ሲጨልም ነው። በእሱና በውኃው መካከል የቆመን ሰው ስለሚያጠቃ፣ አካሉም ሲያዩት ከሚመስለው በላይ ስለሚፈጥን፣ የስልክ መብራት ይዞ ወደ ደንገሉ መጠጋት አይገባም። ጠጥቶ መዋኘትም፣ በሌሊት በጀልባ ወይም በታንኳ መውጣትም የሚታሰብ አይደለም። በቀንም ቢሆን በሐይቁ ዳርቻ ያለው ውኃ የቢልሃርዝያ ትል ስለሚገኝበት መዋኘቱን አልመክርም።

ስልኬ ቢሰረቅስ?

ከሌላ ስልክ ወደ 994 ደውላችሁ ሲም ካርዱን አዘጉ፣ ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ካላችሁም ወዲያው አሳግዱ። የምሥጢር ቁጥራችሁን እንዲከፍሉላችሁ ብላችሁ ለጓደኛም ለአስተናጋጅም አትንገሩ። ነጣቂን በጨለማ አታሳድዱ።

በማግስቱ ካመመኝ ስካሩ ነው ብዬ ልተወው?

ራስ ምታትና የአፍ መድረቅ በውኃ፣ በምግብና በእንቅልፍ በዚያው ቀን ይቀላሉ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ግን ከስካር አይመጡም። ባሕር ዳር ወባ ያለባት ከተማ ናት፤ የወባ ትንኝ የምትናከሰውም በምሽትና በሌሊት ስለሆነ ደጅ የሚያመሹ ሰዎች ይጋለጣሉ። ከደጋ የመጣችሁ ተማሪዎች ሰውነታችሁ ወባን ስለማያውቃት ቶሎ ልትጥላችሁ ትችላለች፣ ምልክቱም ከተነከሳችሁ ከሳምንት በላይ ቆይቶ ሊታይ ይችላል። ክሊኒክ ሄዳችሁ የደም ምርመራ አድርጉ፤ ከፋርማሲ በግምት መድኃኒት አትግዙ።

ሌሊት ስትመለሱ ውሻ ነክሷችሁ ከሆነ፣ ቁስሉ ትንሽ ጭረት ቢሆንም፣ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል እጠቡትና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድነው ሕክምና የለም፤ ክትባቱ ግን አስቀድሞ ከተጀመረ ያድናል። ክትባቱ በአንድ ቀን ስለማያልቅ ፈተናም ቢኖርባችሁ በተቀጠራችሁበት ቀን ሁሉ ተመለሱ።